ካታሎግና ቁልፍ፦ በጅጅጋና በአካባቢው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን በኮምፒዩተር ስለማደራጀት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግር እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ አብዛኞቻችሁ ስለ ማስተላለፊያ መስመር ወይም ስለ ማከፋፈያ ጣቢያ እንደምናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን በኮምፒዩተር ካታሎግ ለማደራጀት ሲነሣ የሚገጥመውን ነገር ነው። ቦታውም ጅጅጋና ሌሎቹ የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች፣ ይኸውም ቀብሪ በያህ፣ አውበሬ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ድሬዳዋ ሲጠጉም እነሽንሌ ናቸው። ካራማራን ወጥቶ የማርዳን በር ያለፈ ሰው ከፊቱ የሚዘረጋውን ሜዳ ያውቀዋል፤ ነፋሱንና አቧራውንም እንደዚሁ። ስለ ነፋሱና ስለ አቧራው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ለኮምፒዩተር ቀላል ነገር አይደለምና።

ርእሱ ለመሐንዲሶች ጉባኤ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከዚህም አልፎ «በቂ ወንበር ለሌለው ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ምን ይሠራለታል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ «ይጠቅመዋል» አይደለም። በእኔ ግምት መጻሕፍቱ ከአምስት መቶ የማይበልጡ ከሆነ አንድ ባለ መስመር መዝገብና አንድ ትጉህ መምህር ይበቃሉ። መጻሕፍቱ ከዚያ ሲበዙ፣ ቋንቋቸውም ሁለት፣ ሦስትና አራት ሲሆን ግን መዝገቡ የገባውን ሁሉ የሚቀበል፣ የሚፈለገውን ግን የማይመልስ ዕቃ ይሆናል። በጅጅጋና በአካባቢው ያለው ሁኔታ ይህ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ የመማሪያ መጻሕፍቱ በሶማልኛ ናቸው፤ አማርኛው እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ እንግሊዝኛው በእርዳታ በሚመጡ ካርቶኖች ሞልቶ ይገባል፤ ልጁም ከዱግሲ፣ ማለትም ከቁርዓን ትምህርት ቤቱ፣ ዐረብኛ ፊደል ለይቶ ይመጣል። አንድ መደርደሪያ፣ አራት ቋንቋ፣ ሦስት ፊደል ማለት ነው።

ወደ ኮምፒዩተሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቁልፍ እናገራለሁ። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ነውና።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ከመጽሐፍነቱ አስቀድሞ ንብረት ነው። ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ይደረጋል፤ የጎደለውም ቁልፉን በያዘው ሠራተኛ ላይ ይቆጠራል። ይህ ሥርዓት ጎማን፣ ሲሚንቶንና ጠረጴዛን ለመጠበቅ ጥሩ ሥርዓት ነው። ጎማ ከግምጃ ቤት ሳይወጣ ቢቆይ ጎማነቱን አይለቅም። መጽሐፍ ግን ሳይወጣ የቆየ እንደሆነ ከጡብ የሚለየው በክብደቱ ብቻ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም ይህን አጥቶት አይደለም፤ የሚጠየቅበትና የሚመሰገንበት ነገር ስለተለያየበት ነው መቆለፉ።

አንድ ጊዜ በጅጅጋ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋር ተቀምጠን ስንነጋገር (ተማሪዎቹ «መዓሊን» ይሉታል፣ ዕድሜው ከእኔ አባት ዕድሜ የሚያንስ አይመስለኝም) እንዲህ አለኝ፦

«ኢንጂነር፣ ልጆቹ መጽሐፉን ቢያነቡት የሚያመሰግነኝ የለም። አንዱ ቢጠፋ ግን ደብዳቤ ይደርሰኛል።»

«ታዲያ አዴር፣ ይህ ኮምፒዩተር ችግሩን ቢያቃልልልዎትስ?» አልሁት።

«ደብዳቤውን ራሱ የሚጽፍልኝ ከሆነ አልፈልገውም» አለና ሳቀ።

በቀልድ መልክ የተነገረ ይሁን እንጂ ከብዙ ቴክኒካዊ ጥናት ይልቅ ነገሩን በትክክል ያስቀመጠው ይህ አነጋገር ነው። የኮምፒዩተር ካታሎግ ሁለት ዓይነት አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ለልጁ መጽሐፉን ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ለኦዲተሩ ጉድለቱን ከበፊቱ ይልቅ ፈጥኖ ማሳየት ነው። ሁለተኛው ብቻ ከተሠራበት መሣሪያው ቁልፉን ያጠነክረዋል እንጂ አይከፍተውም። በእኛ አገር የመጻሕፍት ዝርዝር ከንብረት ዝርዝር ጋር ተጣብቆ የቆየ መሆኑም አይዘነጋም፤ በገዳማትና በአድባራት የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት በአንድነት ቆጥሮ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ መጻፍ የቆየ ልማድ ነበር። እዚያ ዝርዝሩ የተጻፈው እንዳይጠፋ ነው። የትምህርት ቤት ካታሎግ የሚጻፈው ደግሞ እንዲነበብ መሆን አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የኬብልም የፕሮግራምም ሥራ አይደለም፤ የቃለ ጉባኤ ሥራ ነው። ርእሰ መምህሩ፣ የወላጅና መምህር ኅብረቱና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በዓመት ከመቶ ስንት መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢያልቅ ሠራተኛው እንደማይጠየቅ አስቀድመው ሊወስኑና ሊፈርሙበት ይገባል። ቁጥሩን እነርሱ ይወስኑት፤ ዋናው ነገር ዜሮ አለመሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ለሠራተኛው ምስክር ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ መዝገብ የጎደለውን ሁሉ «የለም» በሚል አንድ ቃል ሲጨርሰው፣ ደኅና የካታሎግ ፕሮግራም ግን የጠፋውን፣ የተጎዳውንና ከአገልግሎት የተሰናበተውን ለይቶ ይመዘግባል፤ እያንዳንዱ ቅጂ ስንት ጊዜ በውሰት እንደወጣም ይቆጥራል። አርባ ልጅ አንብቦት የተበጣጠሰ የተረት መጽሐፍ ጉድለት አይባልም፤ ሥራውን የጨረሰ መጽሐፍ ነው። ይህን በቁጥር ማሳየት የሚችል ሠራተኛ በሩን ለመክፈት አይፈራም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንለፍ። የቤተ መጻሕፍትን ሥራ በኮምፒዩተር ማካሄድ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የዩኔስኮ ሲ.ዲ.ኤስ. አይሲስ የተባለው ፕሮግራም ለአነስተኛ ኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ከወጣና በነፃ ከተሠራጨ በኋላ በአዲስ አበባ ልዩ ልዩ ቤተ መጻሕፍት ሠርተውበታል። የዚያ ዘመን መሣሪያ ግን የእኛን ፊደል አያውቅም ነበርና የአማርኛው መጽሐፍ ርእስ በላቲን ፊደል እየተገለበጠ ይገባ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ስለነበረው አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይታይ እንደነበር በዕድሜ የምትበልጡኝ አባላት ታስታውሳላችሁ።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ኮሃ የተባለው ፕሮግራም ነው። ታሪኩን ማንሣት የምወደው ከትልቅ ከተማ የመጣ ስላልሆነ ነው። በኒው ዚላንድ ሌቪን በምትባል የገጠር ከተማ ዋና ቤተ መጻሕፍቱን ያደረገው የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ድርጅት የቀድሞው ፕሮግራሙ የ2000ን ዓመት አቆጣጠር እንደማይሻገር በታወቀ ጊዜ፣ ካቲፖ ኮሙኒኬሽንስ ከተባለ አነስተኛ ድርጅት ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የራሱን ፕሮግራም አሠራ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ። ከዚያም ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም፤ ማንም በነፃ ወስዶ እንዲሠራበት፣ እንዲያሻሽለውም ፈቀዱ። ኮሃ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። በአንድ የገጠር አውራጃ ችግር ምክንያት የተሠራው ነገር ዛሬ በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ኮሃን ወስዶ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ቀን መትከል አይመከርም። የሚሠራው በሊኑክስ ላይ ነው፤ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂው ሲዛወር ይወድቃል። በበኩሌ የምደግፈው የመጀመሪያው ዓመት በተራ የሠንጠረዥ ፕሮግራም እንዲጀመር ነው፤ ይኸውም ዓምዶቹ ማርክ ከተባለው ዓለም አቀፍ የካታሎግ ቅርጽ ጋር አስቀድሞ ተገናዝበው እንዲወጡ አድርጎ ነው። የደራሲው ስም በማርክ 100 የሚባለው መስክ፣ ርእሱ 245 የሚባለው መስክ መሆኑን ዓምዱን የሚሠራው ሰው ይወቅ እንጂ መምህሩ ሊያውቀው አይገደድም። ኮምፒዩተር በአምስትና በስድስት ዓመት ያረጃል፤ በትክክል የተጻፈ መረጃ ግን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ይሻገራል።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስደው መሣሪያው ሳይሆን ስሙ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ማርክም ሆነ አብዛኛው የውጭ ፕሮግራም ሰው ሁሉ የቤተ ሰብ ስም ያለው አድርጎ ይገምታል። ሳይጠነቀቁ ያስገቡለት እንደሆነ ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» አድርጎ ይጽፈዋል፤ ልጁ የጻፈውን በአባቱ ስም ፈልጉ ማለቱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በ100ኛው መስክ የመጀመሪያው አመልካች ላይ 1 በማድረግ ፈንታ 0 ማድረግ ሲሆን፣ ይህም ስሙ በራሱ በባለቤቱ ስም እንዲጀምር ያዛል። ለሶማልኛውም ደንቡ ይኸው ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ለሶማልኛው ግን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ናናይስ የሚባለው ቅጽል ስም ነው። ሞሐመድና ዐሊ የሚባለው ሰው ብዙ ስለሆነ ሰውየው የሚታወቀው በቅጽሉ ነው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሐርጌሳ ያረፈውን ታላቁን ገጣሚ ሞሐመድ ኢብራሂም ዋርሳሜን በዚህ ስሙ የሚጠይቅ ተማሪ አይገኝም፤ «ሐድራዊ» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚመራ «ተመልከት» የሚል መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስፈልጋል።

ይህን ለሶማሌ መምህራን ለማስረዳት ብዙ አልተቸገርሁም። በሶማሌ የቃል ሥነ ግጥም ልማድ አንድ ሰው ግጥም በቃሉ ከመድገሙ በፊት የገጣሚውን ስም መናገር ግዴታው ነው፤ ግጥሙንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ ይጠበቅበታል። ካታሎገር ሲባል እንግዳ ቃል ይመስላል እንጂ ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ቀጥሎ ፊደል ነው። አማርኛውን እንውሰድ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንድ ልጅ በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ሊጀምረው ይችላል፤ መካከለኛውን ፊደል ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጽፈው ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት ዐሥራ ሁለት ነው፤ ዐሥራ ሁለቱም ሲነበቡ አንድ ድምፅ ናቸው። ማሽኑ ግን ዐሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ይላል። ስለዚህ በፍለጋው ጊዜ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያጥፍ ሠንጠረዥ መሠራት አለበት፤ በካርዱ ላይ የሚታየው ግን ደራሲው እንደጻፈው ይቀራል። ይህ ለፕሮግራም ሠሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሳይሠራ የቀረ እንደሆነ ግን ልጁ «መጽሐፉ የለም» የሚል መልስ ተቀብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጦ ሳለ።

ሶማልኛው የራሱ ጠባይ አለው። የላቲን ፊደል በሶማሊያ በይፋ የሶማልኛ መጻፊያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚህ ጽሕፈት እንግሊዞች ሲ የሚሉት ፊደል የዐይንን ድምፅ፣ ኤክስ የሚሉት ፊደል ደግሞ የሐመሩን ሐ ድምፅ ይዟል። እዚህ ላይ ልብ የሚነካ ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪዎች ለሀና ለሐ፣ ለአና ለዐ የድምፅ ልዩነት ከተውን ብዙ ዘመን ሆኖናል፤ «ትርፍ ፊደላት ይቀነሱ» የሚለው ክርክርም ከዚህ የመነጨ ነው። ሶማልኛው ግን ድምፆቹን በአንደበቱ ጠብቆ ይዟቸዋል፤ «ሆር» ሲል ፊት ማለቱ ነው፣ «ሖር» ሲል ነፃ ማለቱ ነው። የጅጅጋን ልጅ ስም በግዕዝ ፊደል በትክክል ለመጻፍ እኛ ትርፍ ያልናቸው ፊደላት የግድ ያስፈልጋሉ። እንግዲህ የማጠፊያው ሠንጠረዥ ለአማርኛው ትክክል ሲሆን ለሶማልኛው ስሕተት ይሆናል ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ሠንጠረዥ ይፈለጋል። በፍለጋው በኩል ጥቂት ትርፍ መልስ ቢመጣ አይጎዳም፤ በስም መዝገቡ ላይ ግን ሁለት ሰዎችን አንድ አድርጎ ማስቀመጥ ከባድ ጥፋት ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ደግሞ ያንኑ ሰው ያለ ዐይኑና ያለ ሐመሩ ስለሚጽፉት «ተመልከት» የሚለው መዝገብ እዚህም ይረዳል። የከተማይቱ ስም ራሱ በአማርኛ ጅጅጋ፣ በሶማልኛ አጻጻፍ ጂግጂጋ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር በአጭሩ ልለፍ። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ማሽኑ ይህን ቁጥር እንዳለ ከተቀበለው ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የዐረብኛው መጽሐፍ በሒጅራ 1400 ታተመ የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ይኸውም ኅዳር 1972 ዓ.ም. የጀመረው ዓመት ነው፣ ማሽኑ የማተሚያ መሣሪያ ገና ሳይፈለሰፍ የታተመ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በመጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ጽፎ፣ የአውሮፓውያኑን አቻ በሌላ ዓምድ ማስገባት ነው።

የምድብ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ሊያከራክረን ይገባል። ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው የዐሥርዮሽ ምድብ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል፤ ለአገራችን ታሪክ 963ን መድቧል፤ ለእስልምናም 297ን። በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ላይ ግን የሰውየው ዓለም ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ይታያል። ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820 ሙሉ ዐሥር ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ለጀርመንኛው 830፣ ለፈረንሳይኛው 840። የአማርኛው ሥነ ጽሑፍ በ892 ውስጥ፣ የሶማልኛው በ893 ውስጥ ከነጥብ በኋላ ባሉ ጥቃቅን ቁጥሮች ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። አብዛኛው የልጆች መጽሐፍ ሶማልኛ በሆነበት ክፍል ይህን በቀጥታ ብንሠራበት መደርደሪያው ሁሉ አንድ ቁጥር ይሆንና ምድብነቱ ይቀራል። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ደረጃ መጀመሪያ በቋንቋ፣ ቀጥሎ በክፍል ደረጃ በቀለም መለየት፣ የዲዊን ሦስት አኃዝ ለዕውቀት መጻሕፍት ብቻ ማስቀረት ይሻላል። የቤተ መጻሕፍት ሙያ ያላቸው ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ግን አረንጓዴን ከቢጫ ይለያል፤ 893.54ን አይለይም።

አሁን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ወደሚያልፍ አንድ አደጋ ልምጣ። በእርዳታ የሚመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በጀርባው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ቁጥርና የመስመር ምልክት አለው። ምልክቱን በማንበቢያው ሲያበሩበት፣ ኢንተርኔት ካለ፣ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው መዝገብ በሙሉ ተገልብጦ ይመጣል፤ ሥራው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ኢትዮጵያም በዚህ ሥርዓት 99944 የሚል የራሷ መለያ አላት፤ ነገር ግን በጅጅጋ ገበያ ወይም በቶጎ ውጫሌ በኩል ከሐርጌሳ የሚመጣው ቀጭን የሶማልኛ ተረት አብዛኛውን ጊዜ ቁጥርም ምልክትም የለውም። በእጅ መጻፍ አለበት። ውጤቱ ምን ይሆናል? ሥራው በጊዜ እጥረት ግማሽ ላይ የቆመ እንደሆነ በካታሎጉ ውስጥ የሚገኘው ስለ በረዶ ሰውና ስለ ገና ዛፍ የሚናገረው መጽሐፍ ብቻ ይሆናል፤ ልጁ አንብቦ የሚረዳው መጽሐፍ ከካርቶን አይወጣም። ማሽኑ አላዳላም፤ ቀላሉ ሥራ አስቀድሞ ስለተሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ግልጽ መሆን አለበት፦ ሶማልኛው ሁሉ ገብቶ ሳያልቅ አንድም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይግባ።

የሰዓቱን ስሌት እንመልከት። ሁለት ሺህ መጻሕፍት አሉ እንበል፤ ለአንዱ ዐሥር ደቂቃ ብንሰጥ ሃያ ሺህ ደቂቃ፣ ማለት 333 ሰዓት ይሆናል። መምህሩ ከክፍል ውጪ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሰጥ 167 የሥራ ቀን፣ የትምህርት ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል። ለዚህ ጉልበት ደመወዝ የሚመድብ እቅድ ብዙም አላየሁም። የኮምፒዩተሩ ዋጋ፣ የጠረጴዛው ዋጋ፣ የምረቃው ሥነ ሥርዓት ወጪ ይመደባል፤ 333ቱ ሰዓት ግን ከሰማይ እንደሚወርድ ይታሰባል።

ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ መናገር እዚህ ጉባኤ ላይ ድፍረት ይሆንብኛል፤ አጭር ስሌት ብቻ ላስቀምጥ። ማራገቢያ የሌለው አነስተኛ ኮምፒዩተር 15 ዋት፣ ስክሪኑ 20 ዋት ይበላል። በቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ 175 ዋት ሰዓት፤ ከማንበቢያውና ከአንድ አምፖል ጋር 200 እንበል። በዚያ አካባቢ አንድ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በቀን የአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝና ብክነቱ ሠላሳ በመቶ ቢሆን 350 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምበት 600 ዋት ሰዓት፣ የሦስት ቀን ስንቅ ነው። መብራት ኃይል ቢመጣም ቢሄድም ሥራው አይቆምም። ማራገቢያ የሌለው ያልሁት በምክንያት ነው፤ በጅጅጋ ማራገቢያ ያለው ኮምፒዩተር አቧራ መሰብሰቢያ ነው። ሰሌዳውንም በየሳምንቱ የሚጠርግ አንድ ተማሪ መመደብ ሌላ ሰሌዳ ከመግዛት ይረክሳል።

በየመንፈቁም ካታሎጉ በወረቀት ታትሞ በየክፍሉ ይቀመጥ። ማሽኑ ሲበላሽ ሥራው እንዳይቆም ነው፤ ደግሞም አርባና ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ስክሪን ለማን ይዳረሳል? በአሜሪካ ለቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ካርድ ያትም የነበረው ኦ.ሲ.ኤል.ሲ. የመጨረሻውን ካርድ ያተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ሀብታሞቹ እንኳ ከወረቀት የተለዩት ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

ከአካባቢው ኑሮ ጋር የሚጋጨው ደግሞ የውሰት ቀን ነው። በሌላ አገር የተሠራ ፕሮግራም መጽሐፍ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት እንዲመለስ ይጠብቃል፤ ካልተመለሰ ልጁን «ዘግይቷል» ብሎ ያግደዋል። በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ግን ዝናቡ በድራዕና በካረን ይመጣል፤ ድራዕ ከመጋቢት ገደማ፣ ካረን ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም ነው። በመካከላቸው ባለው ረጅሙ ደረቅ ወቅት፣ በጂላል፣ ብዙ ቤተ ሰብ ከብቱንና ግመሉን ይዞ ውኃ ወዳለበት ይሄዳል፤ ልጁም አብሮ ይሄዳል። መጽሐፉን ነጥቆ ማስቀረት ወይስ አስይዞ መስደድ? እኔ አስይዞ መስደድ እላለሁ። ፕሮግራሙ የመመለሻውን ቀን በወቅት እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል፤ ጂላል የወሰደ በድራዕ ይመልሳል። መጽሐፍና ግመል አብረው የማይሄዱ የሚመስለው ካለ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ በጋሪሳ፣ የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ማዞር እንደጀመረ ይወቅ። በእኛም የሶማሌ ክልል የሕፃናት አድን ድርጅት የግመል ቤተ መጻሕፍት፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበረ ጊዜ፣ መጻሕፍትን ወደ ልጆቹ ሲያደርስ ነበር። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም ከሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ሥራው ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከከፈተ በኋላ በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አቋቁሟል። አህያውም ግመሉም ካታሎግ ይፈልጋል፤ ከየትኛው ሣጥን ምን እንደወጣ የሚታወቀው በእርሱ ነውና።

የመጨረሻው ጉዳዬ የሥራ ክፍፍል ነው። አንድ የሶማልኛ ተረት መጽሐፍ በጅጅጋ አንድ ጊዜ በትክክል ከተመዘገበ፣ ያው መዝገብ በቀብሪ በያህ ለአገሬውና ለስደተኛው ልጅ፣ በአውበሬና በሽንሌ ላሉትም እንደገና ሳይጻፍ ያገለግላል፤ በአንዲት ፍላሽ ዲስክ ተይዞ በአውቶቡስ ሊሄድ ይችላል። 333ቱ ሰዓት በአራት ከተሞች ቢከፋፈል ለአንዱ ከ84 ሰዓት አይበልጥም። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው አለ፤ ሶማልኛ የሚያነቡ፣ ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወጣቶች አያጣም። ከእኛ ማኅበር የሚፈለገው አሮጌ ኮምፒዩተር መለገስ አይደለም፤ እርሱ ከበቂ በላይ ተለግሶ በየመጋዘኑ ተቀምጧል። የሚፈለገው የቋንቋዎቹን የማጠፊያ ሠንጠረዥ የሚሠራ አንድ የፕሮግራም ባለሙያ፣ የፀሐይ ሰሌዳውን አቀማመጥ የሚያይ አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና፣ የውሰት ደንቡንና የጉድለት ጣሪያውን ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ቃለ ጉባኤ የሚያስፈርም አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ሊቸግረን እንደሚችል እገምታለሁ። ፈቃደኛ የሆናችሁ አባላት ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ብትሰጡ፣ የሠንጠረዡን ዓምዶች ያዘጋጀሁበትን ወረቀት እዚያው አገኛችሁና እሰጣችኋለሁ።